ለትል የተተከለ ጤና አዳም

እና ደግሞ ይሄዳል፣ አውዙ ቢላህ፣ የወፍ ኩስ ነው ብዬ በጣቴ ልጠርገው ስል ተነሥቶ ሄደ፣ ኩስ እግር አውጥቶ፣ የምራቴ የሰልማ ትል ነው፣ ጨቅላው፣ ሲፈለፈል ጥቁርና ነጭ ሆኖ የወፍ ኩስ መስሎ ነው የሚፈለፈል፣ አረንጓዴ የሚሆነው ሲወፍር ነው፣ ይሄን ሁሉ በስተርጅና ተማርኩ፣ ማን አስተማረሽ መሪማ ቢሉኝ ምራቴ፣ ምን አስተማረችሽ ቢሉኝ ትል። ጣቴን በቀሚሴ ጠረግኩት። እንደገና ጠረግኩት። ምንም የለበትም፣ አለበት ግን፣ እስከ ክርኔ ድረስ አለበት።

ገጀራው በግራ እጄ ነው። ዛሬ ያበቃል። ቤት ውስጥ አሻ ተቀምጣለች፣ የሟቹ ባሌ የአብዱልጀሊል ታላቅ እህት፣ ጧት ከባቲ የመጣችው፣ ብቻዋንም አይደለ፣ ዓፊያ የምትባል ልጅ ይዛ ነው፣ ሃያ ዓመት የሞላት፣ ቁመናዋ ያማረ፣ ዓይኗን ከመሬት የማታነሣ፣ ለልጄ ለቶፊቅ ሁለተኛ ሚስት ትሆን ዘንድ ለዕይታ የመጣች፣ እና አሻ ምን ትለኛለች፣ ቶፊቅ ከሰንበቴ ገበያ ሳይመለስ ያን የጓሮ ቆሻሻ አንሺው፣ ሙሽራ ትል ያለበት ግቢ አይገባም፣ እውነቷን ነው፣ እኔስ ስንቴ ልቆርጠው ተነሥቼ ተቀመጥኩ፣ ዛሬ ሰልማ የለችም፣ ወፍጮ ቤት ልኬያታለሁ፣ የእሑድ ወረፋ እንደማያልቅ አውቄ ነው የላክኋት።

ከየት ልጀምር። ድሮ ፍየል እናስርበት የነበረው ቦታ እንዳለ የሷ ሆኗል፣ ጤና አዳሙ በተርታ፣ የሎሚው ችግኝ በእርዳታ ዘይት ጣሳ፣ ሰው ጤና አዳም ለሆድ ቁርጠት ይተክላል፣ ሎሚ ለጉንፋን ይተክላል፣ ይቺ ልጅ ለትል ተከለች፣ ትልቋ ጥቁርና ቢጫ ቢራቢሮ ትመጣለች፣ ቅጠሉ ላይ እንቁላሏን ጠብ ታደርጋለች፣ ትሉ ይፈለፈላል፣ ቅጠሉን ግጦ ግጦ እንጨቱን ያስቀረዋል፣ ሰልማ በርጩማ አምጥታ ታየዋለች። ሌላ ጥቅም የለውም። ከመፀዳጃው ግድግዳ ጥግ ደግሞ ቅንቦ፣ ሰው ከደጁ እየነቀለ የሚጥለውን፣ ፍየል እንኳ አሽትቶ የሚተወውን፣ ቅጠሉን ሲሰብሩት ነጭ ወተት የሚያፈሰውን፣ ያንን ፍሬውን ከመንገድ ዳር ለቅማ ዘራችው፣ ሰው በሚኖርበት ግቢ ውስጥ፣ ለምን ስላት፣ ቀይዋ ቢራቢሮ ልጆቿን ሌላ ነገር ላይ አትጥልም እማ፣ ሌላ አይበሉም። አይብሉ፣ ይሙቷ፣ ማን ለመናቸው።

አጎበሩስ። መንግሥት ለወባ የሰጠንን አጎበር የሎሚው ቅርንጫፍ ላይ አልብሳዋለች፣ ወፍ ትሎቹን እንዳይለቅማቸው፣ የጤና ኤክስቴንሽኗ አዲስዓለም መጥታ አየችው፣ ጥቁር ቦርሳዋን ይዛ ቆመች፣ ወይዘሮ መሪማ፣ የተሠራጨው አጎበር ለታለመለት ዓላማ ብቻ መዋል እንዳለበት ባለፈው ግንዛቤ ተሰጥቷል፣ እያለች፣ እኔ ምን ልበል፣ ትሉን ወባ እንዳይዘው ነው ልበላት፣ አሮጌው ነው አልኳት፣ ወደ መሬት አየሁ፣ በዚህ ዕድሜዬ በትል የተነሣ ከልጅ እግር ፊት መሬት መሬት አየሁ፣ ሰፈሩስ፣ አቤት ሰፈሩ፣ የነመሪማ ግቢ ራሞ፣ ትል፣ ያረባሉ ይላል በኦሮምኛ፣ በአማርኛም ይለዋል፣ በሁለት ቋንቋ ነው የምንታማው።

እኔ ትል አልችልም። ልጅ ሆኜ ጨፋ ላይ ተምች የወረደ ጊዜ ማሽላው መሐል በባዶ እግሬ ሂጂ ተብዬ፣ መሬቱ ራሱ ይሄድ ነበር፣ ከጣቶቼ መሐል ጵጥ እያለ የሚወጣው፣ ለብ ያለው፣ እንስራው ውስጥ ሳይቀር ገብቶ ውኃ ስንቀዳ በጣሳ ይወጣ ነበር፣ አባቴ ያን ዓመት ማሽላውን ለከብት እንኳ ሳያጭድ ቀረ፣ ታዲያ እኔ ነኝ በገዛ ግቢዬ ትል የማረባ፣ አስተግፊሩላህ።

ግን ሰልማ እግሬን የያዘችኝ ቀን። እሱ ነው ያስቀረኝ እስከ ዛሬ። ሰልማ ቤታችን ከገባች ስድስት ዓመቷ ነው፣ ሦስቴ ይዛ ሦስቴም ወረደባት፣ የመጨረሻው ጊዜ ትልቅ ሆኖ ነበር፣ ደሴ ወስደን በቃሬዛ ነው የመለስናት፣ ከዚያ ወዲያ አፏ ተዘጋ፣ ብሉ አትል፣ ጠጡ አትል፣ ከጓሮ ግድግዳውን ተደግፋ ትውላለች፣ ቶፊቅ ይለምናታል፣ እኔ እለምናታለሁ፣ ወንዝ ላይ እንደማውራት ነው፣ አንድ ቀን ጤና አዳሜ ላይ ያ አረንጓዴ ነገር፣ የአውራ ጣት የሚያህል፣ ተንሰራፍቶ ሲበላ አየሁና አራግፌ ጣልኩት፣ በጫማዬ ልጨፈልቀው እግሬን አነሣሁ፣ እግሬ አልወርድ አለኝ፣ ጎንበስ ብዬ ባይ ሰልማ በሁለት እጇ ቁርጭምጭሚቴን ይዛዋለች፣ ተዪው እማ አለች። ከደሴ ከተመለሰች ያወጣችው የመጀመሪያ ቃል። ተውኩት፣ ስለ ቃሉ ነው የተውኩት እንጂ ስለ ትሉ አይደለም፣ በማግሥቱ የሎሚ ፍሬ ዘራች፣ ምሳ በላች፣ ጣሳ ስጡኝ አለች፣ ቢላቻ ትወጣለች እያለች ትስቃለች፣ ቢላቻ፣ ቢራቢሮ በሰልማ ወገኖች ኦሮምኛ፣ ከትሉ ሆድ ቢራቢሮ ስትወጣ አይቻለሁ፣ ሰው ያማረ ነገር ነው ይላል፣ እርጥብ፣ የተጨማደደ፣ የሚንቀጠቀጥ ነገር፣ ከኋላው ቡናማ ውኃ የሚያንጠባጥብ፣ ሰልማ ግን እጇን ዘርግታ ክንፏ እስኪደርቅ ቆመችላት።

ያን ጊዜ ጮኼ ቢሆን ኖሮ። አልጮህኩም። ዛሬ ግን ሌላ ነው፣ ዛሬ የዘር ጉዳይ ነው፣ አሻ ጧት ቁጭ እንዳለች ጀመረች፣ ወንድሜ አብዱልጀሊል ስሙ ከዚህ ግቢ ሊጠፋ ነው፣ ሸሪዓው ይፈቅዳል፣ ሰልማን ማን ውጪ አላት፣ በጎን ትኑር፣ እንዲህ እንዲህ አለች፣ ጥሩ፣ ሰማሁ፣ ከዚያ በመስኮት ወደ ጓሮ አየችና፣ የደረቀ ማህፀን ትል ነው የሚያሳድግ፣ አለች። እንዲህ በቀስታ፣ ስኳር እያማሰለች። ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። እኔ ለሰልማ ብዙ ብያታለሁ፣ ትልሽን ከፊቴ አንሺ ብያለሁ፣ እንዲህ ያለ ግን ከአፌ አልወጣም፣ ከሰው አፍ እንዲህ ያለ እንደሚወጣም አላውቅም ነበር፣ ቢሆንም ገጀራውን አነሣሁ፣ ወጣሁ። በሩ ላይ ዞሬ ቶፊቅንስ ጠይቀሽዋል ወይ ስላት በስልክ ነግሬዋለሁ አለች፣ ምን አለ፣ እናንተ እንዳላችሁ አለ። እናንተ እንዳላችሁ። ልጄ። አጥንት የሌለው ቃል፣ የትኛውም ቀዳዳ የሚገባ።

በቅንቦው እጀምራለሁ። አንድ ጊዜ መታሁት፣ ወደቀ፣ ግንዱ ወተቱን ተፋብኝ፣ እጄ ላይ፣ ክንዴ ላይ፣ ይጣበቃል፣ ይሸታል፣ ቅጠሉ ላይ የነበሩት የነብር ቀለም ያላቸው፣ ጥቁር ቢጫ ነጭ፣ አንዱ ጫማዬ ላይ ወደቀና ሽቅብ ይወጣል፣ ቀንዱን እየወዘወዘ፣ አልጮህም፣ አልጮህም፣ እግሬን አራገፍኩ፣ ቢስሚላህ ብዬ ወደ ሎሚው ዞርኩ፣ አጎበሩን ገለጥኩ፣ እዚያ ናቸው፣ የሰቡት፣ ጣት ጣት የሚያካክሉት፣ ዝም ብለው ይበላሉ፣ የጥርሳቸው ድምፅ የሚሰማኝ ይመስለኛል።

ላግዝዎት እማማ።

ዓፊያ ናት። አሻ ልካታለች፣ ባለሙያነቷን ታሳየኝ ብላ፣ ቅርንጫፉን ያዥልኝ አልኳት፣ እጇን ሰደደች፣ ትሉን ነካችው፣ ያን ጊዜ ከጭንቅላቱ ሥር ቀይ ቀንድ አወጣ፣ መንታ፣ እርጥብ፣ እንደ እባብ ምላስ፣ ሽታው ተነሣ፣ የበሰበሰ ብርቱካን ከልጅ ትውከት ጋር ቢቀላቀል፣ እንዲያ ነው፣ እኔ አፍንጫዬን በነጠላዬ ያዝኩ፣ እሷ ግን ግድግዳውን ይዛ ታስመልሳለች፣ አንዴ፣ ደገመች፣ ሠለሰች፣ አሁን የሚወጣ ነገር የለም፣ ቢጫ ውኃ ብቻ፣ አሁንም ታስመልሳለች፣ አብሽሪ ልጄ፣ እኔም እንዳንቺው ነኝ፣ ጀርባዋን ላሻሽላት እጄን ዘረጋሁ፣ ያኔ ሌላኛውን እጇን አየሁት፣ አፏን አይደለም የያዘችው። ሆዷን ነው። ከሥር፣ እንዲህ፣ ሰው እንዳይወስድባት።

አንገቷን አየሁ፣ ጉንጯ ላይ ያለውን ማድያት አየሁ፣ ጧት ያቀረብኩላትን ሥጋ አለመንካቷን፣ ሽታውን ሸሽታ በር ላይ መቀመጧን አሰብኩ፣ ዓይናፋር ናት ብዬ ነበር፣ ስንት ወርሽ ነው፣ አልኳት። ድምፄ የሌላ ሰው ነው። ወደ በሩ ዞራ አየች። እዚህ የምንሰማው እኔና አንቺ ነን፣ ስንት ወርሽ ነው። ሦስት አልፎኛል። የማን ነው። በነጠላዋ ጫፍ አፏን ታብሳለች፣ የጀይሉ ነው፣ እማማ፣ አገባሻለሁ ብሎኝ ነበር፣ ጅቡቲ ሄደ፣ ስልኩም አይሠራም።

ጀይሉ። የአሻ ልጅ። ይቺ ልጅ የአሻን ቤት ጠርጋ፣ የአሻን ልብስ አጥባ የኖረች ናት፣ አባቷ ሞቷል፣ እናቷ ገጠር ናት፣ አሻ ታውቃለች ወይ አልኳት፣ እንዳታውቅ እየለመንኩ፣ ወላሂ እንዳታውቅ እየተመኘሁ ነው የጠየቅኋት፣ ዓፊያ አየችኝ፣ ዛሬ ገና ዓይኗን አነሣች፣ እሳቸው ናቸው ነይ ያሉኝ፣ ካሁን ወዲያ ቢታይብሽ ማንም አይወስድሽም፣ ቶሎ መግባት አለብሽ ያሉኝ እሳቸው ናቸው።

ገጀራውን መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ለምን ቀስ ብዬ እንዳስቀመጥኩት አላውቅም፣ የሚሰበር ነገር እንደያዘ ሰው፣ ትሉ ቀንዱን መልሶ ከቷል፣ ይበላል፣ እና ትሉ እኔን ምን አደረገኝ፣ አስቀያሚ ነው፣ አሁንም አስቀያሚ ነው፣ ግን ቅጠሉን በላ እንጂ ማንንም አላታለለ፣ ሽታው ፊት ለፊት ነው፣ ስኳር አያማስልም።

ገባሁ። አሻ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች፣ ጨረስሽ ወይ፣ ትለኛለች፣ ልጅቷ ነፍሰ ጡር ናት እቴ አሻ፣ አልኩ፣ ደንገጥ ትላለች ብዬ ነበር፣ ፊቷን አየሁት፣ አንዲት ክር አልተነቃነቀችም። ተቀመጭ፣ አለችኝ፣ ቁጭ በይና እንደ ትልቅ ሰው እንነጋገር፣ ደሙ ያው የወንድሜ ደም ነው፣ ከውጭ አይደለ፣ ኒካው በዚህ ሳምንት ይታሰር፣ ስንቱ ነው በሰባት ወር የሚወለድ፣ ማን ይቆጥራል፣ አንቺ የልጅ ልጅ ትታቀፊያለሽ፣ እሷ ከውርደት ትድናለች፣ ቶፊቅ አባባ ይባላል፣ ጀይሉ ሥራውን ይሠራል። እና በመጨረሻ፣ ማን ተጎዳ መሪማ፣ ንገሪኝ እስቲ፣ ማን ተጎዳ።

ማን ተጎዳ። አላህ ያውቃል፣ ለአንዲት ትንፋሽ ያህል አየሁት፣ ሕፃኑን፣ እዚህ ምንጣፍ ላይ፣ ጠብደል ያለ፣ የአብዱልጀሊልን ግንባር ይዞ፣ ሊይዝ ይችላል እኮ፣ የእህቱ የልጅ ልጅ ነው፣ ክንዴ ላይ ክብደቱ መጣ፣ ምራቄን ዋጥኩ፣ ልክ የተራበ ሰው ወጥ ሲሸተው እንደሚውጥ፣ ማንም አያውቅም፣ ዝም ብል ማንም አያውቅም፣ እና ወዲያው ሰልማን አየኋት። በር ላይ ቆማ ልጁ ሲጮህ የምትሰማዋን። አየሽ፣ ይሏታል፣ ቶፊቅ ይወልዳል፣ መካኗ አንቺ ነሽ፣ ሰፈሩ ሁሉ ይላታል፣ በዚህ ሆድ ይመሰክሩባታል፣ በውሸት ሆድ፣ ዕድሜዋን ሙሉ፣ እሷም ታምናለች፣ እሷ ነች የምትጎዳ፣ እሷን እንደ ሰው ያልቆጠረ ነው ማን ተጎዳ የሚል፣ እና እኔ አሁን ምራቄን የዋጥኩት፣ ይሄ አፍ፣ ይሄ የኔ አፍ፣ ተፍ ልለው ፈለግኩ፣ ከቅንቦው ወተት ይልቅ የገዛ ምራቄ ተጣበቀብኝ።

ውጪልኝ እቴ አሻ።

በቀስታ ነው ያልኳት። አልሰማችኝም መሰል፣ ምን አልሽ አለች፣ ደገምኩላት፣ ከቤቴ ውጪልኝ። ተነሣች፣ ጨርቋን አጠለቀች፣ ያለ ዘር ትሞቻለሽ አለች፣ ቶፊቅ ጋ አሁኑኑ እደውላለሁ አለች፣ ደውዪ አልኳት፣ ወንድሜ በመቃብሩ ይታዘብሻል አለች፣ ይታዘብ፣ ከዚያ ዓፊያን ነይ ብላ ወደ ጓሮ ተጣራች፣ ዓፊያ በሩ ላይ መጣች፣ ልጅቷስ፣ አለች አሻ። ልጅቷ ትቀመጣለች። የት፣ አለችኝ። እዚሁ፣ ልጅሽ እስኪመጣ። ያኔ ነው አሻ ፊቷ የተለወጠው፣ ሌላው ሁሉ አላስደነገጣትም፣ ልጅቷ እኔ ጋ ቀርታ አፍ ማውጣቷ ብቻ፣ ባጃጅ ጠርታ ሄደች፣ የሽቶዋ ጠረን ግን ቤቱ ውስጥ ቀረ፣ በሩንም መስኮቱንም ከፈትኩ።

ሰልማ ከዐስር ሶላት በኋላ መጣች። ዱቄት ተሸክማ፣ ቅንድቧ ሳይቀር ነጭ ሆኖ፣ ዓፊያን በርጩማ ላይ አየቻት፣ እኔን አየችኝ፣ የተቆረጠውን ቅንቦ አየች፣ ማን ቆረጠው አላለችም፣ እኔ ነኝ አልኳት፣ ሁሉንም ልቆርጠው ነበር፣ ከዚያ ነገርኳት፣ አሻ ለምን እንደመጣች፣ ዓፊያ የማንን እንደያዘች፣ አሻ ሆዱን በቶፊቅ ልትለጥፍ እንደነበር፣ አንዲት ነገር አላስቀረሁም፣ ቆማ ሰማችኝ፣ ዱቄቱን ሳታወርድ፣ ስጨርስ ከራሷ አወረደችና፣ ቶፊቅ እሺ ብሎ ነበር ወይ፣ አለች። ይህን ብቻ። የፈራሁትም ይህን ነበር። እምቢም አላለ፣ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፣ ወደ ቅንቦው ሄዳ ጉቶውን ነካች፣ ከሥሩ ያቆጠቁጣል አለች ለራሷ፣ መሬት የወደቁትን ባለ መስመሮቹን አንድ አንድ እያለች በእጇ ለቅማ የቀረው ቅጠል ላይ አስቀመጠች፣ በባዶ እጇ፣ አይ፣ እዚህ ላይ አልችልም፣ ፊቴን አዞርኩ፣ መልሼ ሳዞር ሰልማ ዓፊያ ፊት ቆማ ነበር። አጥሚት ይረጋልሽ ይሆን ወይስ ቂጣ፣ ትላታለች። ዓፊያ አለቀሰች። ሰልማ አላለቀሰችም። ዱቄቱን ፈትታ ቂጣ ለወሰች።

እና ሚኒባሱ ደጅ ላይ ይቆማል፣ መግሪብ ሳይል፣ ልጄ ይገባል፣ የሰንበቴን አቧራ እንደለበሰ፣ ይቺ ማን ናት እማ፣ ይላል፣ እያወቀ፣ አሻ ደውላለታለች፣ ከፊቱ ያስታውቃል፣ የአሻ ምራት ናት እለዋለሁ፣ ጀይሉ ከጅቡቲ እስኪመለስ እኛ ጋ ናት። ትከሻው ወረደ። ትንፋሹ ሲወጣ ሁላችንም ሰማነው፣ ሰልማም ሰማችው፣ እኔ እኮ አልፈለግኩም ነበር፣ ይላል፣ ለማን ነገርከው፣ አልኩት። እምቢ የሚልለት ሰው ሲጠብቅ የከረመ ወንድ፣ እኔ የወለድኩት፣ ሰልማ ማስታጠቢያውን አምጥታ እጁን ታስታጥበዋለች፣ አታየውም፣ እሱ ያያታል፣ እሷ ውኃውን ነው የምታይ፣ ይሄ የነሱ ነው፣ እዚህ ውስጥ አልገባም፣ ይቸገር፣ ትንሽ ይቸገር።

እኔ የማስበው ነገን ነው። ልጅቷን አላንከራትታትም፣ ሰልማ ጋ ትዋል፣ ብቻዬን ነው ባቲ የምሄድ፣ በመጀመሪያው መኪና፣ አሻ በሩን ብትዘጋብኝ ደጁ ላይ እቀመጣለሁ፣ የጀይሉን ስልክ እስክትሰጠኝ፣ የልጅቷን እናት አስጠርታ ሽማግሌ እስክትልክ፣ ድምፄንም ዝቅ አላደርግም፣ ነገ ሰኞ ነው፣ የባቲ ገበያ፣ አፋሩም ደገኛውም ይወርዳል፣ መንገዱ ሰው በሰው ይሆናል። ይሁና።